ከጦር ሰፈር እስከ ኪስ፦ ካሜራና ወላይታ

ሻንቶ በሄድን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል። «ከየትኛው ድርጅት ነው የመጣችሁት?» ጥያቄው የሚመጣው ትልቁን ካሜራ ከቦርሳው ስናወጣ ነው። ገበያው መሃል ቦይና የሚሸጡት እናት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስማቸው እንዲመዘገብላቸው ይጠይቁናል። እኛ የመጣነው ገበያውን ልናነሳ ነበር፤ ያገኘነው ግን ካሜራን የሚጠብቅ ሰልፍ ነው።

መጀመሪያ ሳቅን። ቆይተን ታሪክ ስናገላብጥ ግን ሽማግሌው ልክ እንደሆኑ ገባን።

በ1887 ዓ.ም አጼ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ከሠራዊቱ ጋር ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ሰውየው የንግድ ሰው ነው፤ ካሜራም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የዘመቻውን እልቂት፣ የተማረከውን ሕዝብና የተነዳውን ከብት ጽፏል፤ ሥዕሎቹም የተሠሩት ራሱ ካነሳቸው ፎቶዎች ነው። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፣ ወላይታም ነጻነቷን አጣች። ቫንደርሃይም ባይጽፍ ኖሮ ብዙ ነገር ባልታወቀ ነበርና ውለታውን አንክድም። ነገር ግን የቆመበትን ቦታ ልብ በሉ። ያየው ከዘማቹ ሰፈር ሆኖ ነው። ቤቷ የተቃጠለባት የወላይታ እናት በእጇ ካሜራ አልነበራትም።

90 ዓመት እንዝለል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ። ያ ረሃብ ወላይታንም ነክቷል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ የገጠር ሰው ትልቅ ካሜራ ማለት እርዳታ ማለት ሆነ። እንግዲህ የሻንቶው ሽማግሌ «ስሜን ጻፉልኝ» ቢሉ ምን ያስገርማል? ካሜራ ሲመጣ ወይ ጦር፣ ወይ እህል አብሮት ነው የሚመጣው።

«ፎቶ ቤትስ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ አለ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከሆነ በኋላ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል፤ ሙያው ቀስ በቀስ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የከተማ ነዋሪ ዘንድ ደረሰ። ዛሬ በየቤቱ አልበም ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ፎቶዎች የፎቶ ቤት ናቸው። ግን ፎቶ ቤት የሚኬደው ተለብሶ፣ ተቀብቶ፣ ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለመታወቂያ ነው። እናቶቻችን ቆጮ ሲፍቁ፣ አባቶቻችን ደጃፍ ተቀምጠው ሲያወጉ የት አሉ? የሉም። ተራው ቀን ያለ ምስክር አለፈ።

ተራውን ቀን የሚያውቀው የኪስ ካሜራ ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1888 100 ፎቶ የሚያነሳ ሳጥን አወጣ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላክ ነበር። በ1912 ሰደርያ ኪስ የሚገባ ሠራ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደር ይዞት ዘመተ። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ አስም ስለነበረበት ከባድ ካሜራ መሸከም ይከብደው ነበር፤ በሲኒማ ፊልም የሚሠራ ትንሽ ካሜራ ፈጠረ፣ ላይካ ተብሎ በ1925 ለገበያ ቀረበ። በ1979 ደግሞ ኦሊምፐስ ክዳኑ ተንሸራትቶ የሚከፈት ኤክስኤ የተባለውን አመጣ። ካሜራ ባነሰ ቁጥር ከድግስ ወደ ጓዳ ይገባል።

«ስልክ እያለ ምን አደከማችሁ?» ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ስልካችንን እንወደዋለን። ግን ከመካከላችን የአንዷ ስልክ ሲሰበር የአያቷ የመጨረሻ ጊፋታ አብሮ ጠፋ። አያቷ ያንን ዓመት አልዘለቁም። ስልክ ሲሞላ የሚሰረዘውም፣ ሲሰረቅ የሚሄደውም ፎቶ ነው። ካሜራ ሌላ ሥራ ስለሌለው ያነሳውን ይጠብቃል።

ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ገዛን። መለኪያችን ቀላል ነበር። አንደኛ፣ ከጃኬት ኪስ የማይገባ ከሆነ ቤት ይቀራልና አንገዛም። ሁለተኛ፣ ሲበራ ሌንሱ ሳይንቀጫቀጭ ይውጣ፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት ውስጡ ሻጋታ አይኑረው። ሦስተኛ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ የሚይዝ ሰፊ እይታ ይኑረው። አራተኛ፣ ባትሪው ያላበጠና መተኪያው የሚገኝ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ሁለተኛ ባትሪ ሀብት ነው። ሪኮ ጂአር 3 የተባለውን ጓጉተንለት ነበር፤ 257 ግራም ብቻ ይመዝናል። ዋጋው ግን ከኪሳችን በላይ ነው፣ ፍላሽም አብሮት አልተሠራም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እነዚህ አሮጌ ካሜራዎች ባትሪያቸው ተወስዶ ሲቆይ ሰዓታቸው ይጠፋና ከዓመታት በፊት ወዳለ ቀን ይመለሳሉ። የሚቆጥሩትም በአውሮፓውያን ነው። የዛሬ 50 ዓመት ፎቶውን የሚያገኝ ሰው ካሜራውን ካመነ ይሳሳታል። ስለዚህ እናሳትመው፣ ከጀርባው በእስክሪብቶ ስም፣ ቦታና ቀን በራሳችን አቆጣጠር እንጻፍበት። ቫንደርሃይም ካየው ሕዝብ ውስጥ የስንቱን ስም እናውቃለን?

ባለፈው ሻንቶ የወረድነው በትንሿ ካሜራ ነው። ማንም አልተሰለፈም። ቦይና የሚሸጡት እናት ፈቀዱልን፣ ከደንበኛቸው ጋር እየተከራከሩ አነሳናቸው። ከየትኛው ድርጅት እንደመጣን አልጠየቁንም። የጠየቁን «መቼ ነው የምታመጡልኝ?» ብለው ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ታትሞ ደረሳቸው። ከጀርባው ስማቸው አለ።