የመድኅን ካርድ መያዝና መታከም፤ የጤና አገልግሎት ፍትሐዊነት በደቡብ ወሎ

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። በደሴ ቀድሞ ሪፈራል ይባል የነበረው የዛሬው ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎም በሚስዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተመሠረተው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይገኛል። በሁለቱም ከተሞች የግል ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ሞልቷል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ለከተማው ነዋሪ የሕክምና ነገር በአብዛኛው የወረፋና የዋጋ ጉዳይ ነው። ከመካነ ሰላም ማዶ ካለ የገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ተጭኖ ለሚመጣ ሕመምተኛ ግን ጥያቄው ገና በሕይወት የመድረስ ነው።

ይህ ልዩነት የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ሊታለፍ ይችላል። ሕጉ ግን እንዲህ አያየውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ለጤናና ለትምህርት የሚመደበው ሀብት በየጊዜው እያደገ እንዲሄድ መንግሥትን ያስገድዳል። አንቀጽ 90 የአገሪቱን አቅም እንደ ገደብ ማንሳቱ እውነት ነው። ሆኖም የአቅም ማነስ የአገልግሎቱን መጠን ቢወስን እንጂ፣ ያለው እኩል እንዳይከፋፈል ምክንያት ሊሆን አይገባም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችውን የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ማብራሪያ ለጤና መብት አራት መለኪያዎችን አስቀምጧል፤ አገልግሎቱ መኖሩን፣ ያለ አድልዎ ተደራሽ መሆኑን፣ በተጠቃሚው ባህል ተቀባይነት ያለው መሆኑንና ጥራቱን።

በእነዚህ መለኪያዎች ስንመዝነው የአገራችን መንገድ ምን ይመስላል? በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠልጣኝ ሴቶችን በመመደብ ክትባትን፣ የቤተሰብ ምጣኔንና የአካባቢ ንጽሕናን እስከ ደጃፍ አድርሷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም አማካዩ የሚሸፍነው ነገር አለ፤ በ2008ቱ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት በከተማ 79 በመቶ ሲሆኑ በገጠር 20 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው እርምጃ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ የደሴ ጎረቤት የሆነችው ተሁለደሬ ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ በታመመ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ ሪፈር ሲጻፍለትም እስከ ሆስፒታል ድረስ ካርዱን ይዞ ይታከማል። ለመክፈል አቅም የሌላቸውን የድሃ ድሃዎች መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል።

በሙከራ ወረዳዎቹ የተካሄደውና በዓለም አቀፍ የምርምር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አባል መሆን በመንግሥት ተቋማት የተመላላሽ ሕክምና ተጠቃሚነትን ከ30 እስከ 41 በመቶ አሳድጓል። በእነዚሁ ተቋማት በአንድ ጉብኝት የሚወጣውም ወጪ ቢያንስ በ56 በመቶ ቀንሷል። ነገር ግን ቤተሰቡ ከኪሱ ለሕክምና የሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ስለመቀነሱ ውጤቱ ያን ያህል ግልጽ አልነበረም።

የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካርድ ሐኪሙ ፊት ያደርሳል፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ አይፈጥርም። በመንግሥት ተቋም መደርደሪያ ላይ መድኃኒቱ ከሌለ ወይም የላቦራቶሪው ኬሚካል ካለቀ ሕመምተኛው ወረቀት ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። የኮምቦልቻ ደመወዝተኛ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለው ገበሬ ደግሞ በግ ይሸጣል፤ አለዚያም ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ የጥራት ጉድለት ሁሉንም እኩል አይጎዳም፤ ይበልጥ የሚቀጣው ሌላ መውጫ የሌለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርትም በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች በሕክምና ሊድኑ ሲችሉ በየዓመቱ ከሚሞቱት 8.6 ሚሊዮን ሰዎች አምስት ሚሊዮን ያህሉ የሚሞቱት ተቋም ደርሰው፣ ጥራት ያለው ሕክምና በማጣት መሆኑን ገምቷል።

በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር ማብቂያ በትግራይ ኃይሎች ሥር በቆዩበት ወቅት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ የሕክምና መሣሪያዎቹም ተወስደዋል፣ ወድመዋል። ከሰሜንና ከደቡብ ወሎ፣ እንዲሁም ከአፋር አጎራባች ወረዳዎች ሕመምተኛ የሚላክበት ተቋም ሲቆም፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚጻፈው ሪፈር መድረሻ ያጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም የአምቡላንስን መንገድና የጤና ባለሙያዎችን ሥራ ክፉኛ አውኳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቢያንስ መለኪያችን ይስተካከል። ስለ መድኅን የሚቀርቡ ሪፖርቶች የአባላትን ብዛትና የተሰበሰበውን መዋጮ መቁጠር ይቀናቸዋል። መቆጠር ያለበት ግን ከታዘዘው መድኃኒት ስንቱ በተቋሙ እንደተገኘ፣ ሪፈር ከተጻፈላቸው ስንቶቹ ሆስፒታል እንደደረሱ፣ ይህም ሁሉ በወረዳና በገቢ ተለይቶ ምን እንደሚመስል ነው። መድኅኑ ለተቋማት የሚመልሰው ገንዘብ በወቅቱ ካልደረሰ መድኃኒት መግዣ ይጠፋልና የክፍያው ጊዜም ለሕዝብ ይገለጽ። መዋጮ መክፈል ውል ነው። ገበሬው የራሱን ድርሻ ከፍሏል፤ የቀረው የሌላኛው ወገን ግዴታ ነው።