ያቺ ቢጫ መብራት ከየት መጣች?

እናታችን ጠዋት መኪና ስታስነሳ ሁላችንም ዳሽቦርዱ ላይ እናፈጣለን። በርታለች? በርታለች! አሮጊቷ ኤስዩቪያችን እቺን የሞተር ምልክት ካበራች ዓመት አለፋት። ጋራዥ እንወስዳታለን፣ መካኒኩ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ይመልሳል፣ መብራቷ ትጠፋለች፣ ከፍለን እንወጣለን። በሳምንቱ ቁጭ! በሦስተኛው ተናደድንና ለመሆኑ እቺን መብራት ማን ፈጠራት ብለን ማንበብ ጀመርን።

ነገሩ የሚጀምረው ሎስ አንጀለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ክረምት ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ከተማዋን ሲውጣት ነዋሪው ጃፓኖች በመርዝ ጋዝ ያጠቁት መስሎት ነበር (የጦርነት ዘመን ነዋ)። አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል የሆላንድ ተወላጅ ኬሚስት ግን በ1950 አካባቢ ጭጋጉ የመኪና ጭስ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው መሆኑን አሳየ። የሚገርመው፣ ሰውዬው እስከዚያ ድረስ የአናናስ ጣዕም ከምን እንደሚመጣ ነበር የሚያጠናው! በ1967 ለተቋቋመው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድም የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሱ ሆነ።

ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ጭስ ማውጫቸው ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተገጠመላቸው፤ ጭስ ማጣሪያ በሉት። ግን ማጣሪያው ሲሞት ማን ያውቃል? መኪናው እንደሆነ መሄዱን አያቆምም። ስለዚህ ቦርዱ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው ራሱ ሕመሙን እንዲናገር አስገደደ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ቋንቋ ነበር የሚያናግረው፤ ከ1996 ሞዴል ወዲህ ግን በመላው አሜሪካ አንድ ዓይነት ባለ 16 ፒን መሰኪያና አንድ ዓይነት ኮድ ሆነ። አውሮፓ በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች።

እና መብራቷ መጀመሪያ የተፈጠረችው ለኛ ኪስ ታስባ ሳይሆን ለአየሩ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ መኪና ላይ የነዳጅ ክዳን ስለላላ ብቻ የምትበራው። ብልጭ ድርግም ካለች ግን አትቀልዱ፤ ሞተሩ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን ማጣሪያውን ሊያነደው ነውና ቶሎ ማቆም ነው። ባትሪ መንቀል ደግሞ ትውስታዋን ያጠፋል እንጂ በሽታውን አያድንም። ኮምፒዩተሩ እንደገና ይመረምራል፣ ብልሽቱን ብዙውን ጊዜ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካገኘው መልሶ ያበራታል። የኛው ሳምንት ይኸው ነው እንግዲህ።

አራተኛው መካኒክ መሪው ስር ካለው መሰኪያ ኮዱን አነበበ፤ ፒ0420። ማጣሪያው ደክሟል ማለት ነው። «አውጥተን እንጣለው እማማ፣ ጉልበትም ታገኛለች» አላት። እናታችን ኋላ የተቀመጠውን አስም ያለበትን ታናሻችንን አየችው።

«ጭሱን ማን ሊስበው ነው ልጄ?»

መጀመሪያ የኦክስጅን ሴንሰሩ እንዲታይ ተስማማን፤ እሱ ደህና ከሆነ ለአዲስ ማጣሪያ እናጠራቅማለን። እስከዚያው መብራቷ እንደበራች ናት።