ካርዱን ማን ገደለው?

«ሲስተም የለም።»

በዚህች አጭር ቃል ያልተመለሰ ባለጉዳይ አገራችን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ሲስተሙ የት ሄደ? ምን ነካው? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቢጠይቅም መልሱ «ከላይ ነው» የሚል ነው። ነገ ኑ እንባላለን፤ ነገ እንመጣለን።

ዛሬ የማወጋችሁ አልነሳ ስላለ የኔትወርክ ካርድ ነው። ታሪኩ የእኛ አገር አይደለም። ጥፋተኛው የተፈለገበት መንገድ ግን ለእኛም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2008 ነው፤ እኛ 2001 ዓ.ም.ን የተቀበልንበት ሰሞን። በየአገሩ ያሉ ፕሮግራመሮች ሊወጣ የተቃረበውን የሊኑክስ ከርነል 2.6.27 እየሞከሩ ነበር። ከርነል ማለት ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቀረውን ሁሉ የሚያስነሳው የሥርዓቱ እምብርት ነው። በዚህ መሀል ከተለያየ አቅጣጫ አንድ ዓይነት አቤቱታ መጣ፦ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ የኔትወርክ ካርዱ ግን አይነሳም።

ሰዎቹ ሁላችንም የምናደርገውን አደረጉ። አጥፍተው አበሩ፤ እምቢ አለ። ወደ ድሮው ከርነል ተመለሱ፤ እምቢ አለ። ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሞከሩ፤ ያው ነው። አስፈሪው ይኼ ነበር። የሶፍትዌር ችግር ሶፍትዌሩ ሲነሳ አብሮ መሄድ አለበት። ይኼኛው ግን ዕቃውን ራሱን አቁስሎ ነው የሄደው።

የኔትወርክ ካርድ ኃይል ቢቋረጥም የማትረሳ ትንሽ ማስታወሻ አለችው። የካርዱ መለያ አድራሻና ቅንብሩ እዚያ ተጽፈዋል። ጽሑፉ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ የሚሆን ድምርም አብሮ አለ። ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ድምሩን ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ካርዱን አያስነሳም። የእነዚያ ሰዎች ካርድ ማስታወሻ ተበላሽቶ ነበር። አስቀድሞ ቅጂ ያስቀመጠ መልሶ የመጻፍ ዕድል ነበረው፤ ላላስቀመጠው ነገሩ ከባድ ነበር።

የተጎዱት ካርዶች የኢንቴል ነበሩ፤ ድራይቨራቸውም ኢ1000ኢ ይባላል። እናም ጣት ሁሉ ወደ ድራይቨሩ ተቀሰረ። አንዳንዶች የግራፊክስ ሶፍትዌሩንም ጠረጠሩ። ኡቡንቱን የመሳሰሉ አሰራጮች ድራይቨሩን በሙከራ ስሪታቸው ላይ አገዱት። የኢንቴል መሐንዲሶች ደግሞ ማንም በማስታወሻዋ ላይ እንዳይጽፍ የሚቆልፍ ማስተካከያ ሠሩ።

በር ተቆለፈ። ሌባው ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ፍለጋው ቀጠለና ጥፋተኛው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ተገኘ። ኤፍትሬስ የሚባል፣ በዚያው ከርነል ውስጥ አዲስ የገባ መሣሪያ ነበር። ሥራው ከርነሉ ውስጥ የትኛው ተግባር መቼ እንደተጠራ መከታተል ነው። ከኔትወርክ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ኤፍትሬስ የሚከታተላቸውን ቦታዎች አድራሻ ይመዘግባል፤ ቆይቶም ተመልሶ እዚያ ያለውን ኮድ ይለውጣል። ችግሩ አንዳንዱ ኮድ ለማስነሻ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቦታው ይለቀቅና ለሌላ ይሰጣል። ኤፍትሬስ ይህን አላወቀም። ተከራዩ ለቅቆ ቤቱ ለሌላ ከተከራየ በኋላ የድሮውን አድራሻ ይዞ እንደሚመጣ ሰው ሆነ።

ጥንቃቄስ አልጎደለውም። ከመለወጡ በፊት እዚያ ያለው የጠበቀው መሆኑን ያነጻጽር ነበር። ግን ለማነጻጸር የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ባይገጥምም እንኳ ያነበበውን መልሶ ይጽፋል። በተራ ሜሞሪ ላይ ይህ ጉዳት የለውም። ያ አድራሻ ለካርዱ ማስታወሻ ተሰጥቶ ሲገኝ ግን፣ ያቺ «ምንም ያልለወጠች» ጽሕፈት ካርዱን ገደለችው።

2.6.27 ኦክቶበር 9 ቀን 2008 ወጣ። በቀናት ውስጥ የተከተለው 2.6.27.1 ያንን የኤፍትሬስ ክፍል ከሥራ ውጭ አደረገው። የመሣሪያው ዋና ደራሲ ስቲቨን ሮስቴት ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በአደባባይ አስረዳ። ስላመነ አልተባረረም፤ መሣሪያውም ተስተካክሎ ዛሬም የከርነሉ አካል ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሁሉም የጠረጠረው ቁስሉ የታየበትን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። ድራይቨሩ ታግዶ ነገሩ እዚያ ላይ ቢዘጋ ኖሮ እውነተኛው ጥፋት ተደብቆ ሌላ ቀን ሌላ ዕቃ ያበላሽ ነበር። መቆለፍ ጉዳትን ያቆማል፤ «ማን ነው?» ለሚለው ግን መልስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የተጎዱት አቤት ባይሉ፣ አሰራጮቹ ገበናቸውን ቢሸፍኑ፣ ደራሲውም ዝም ቢል መፍትሔው አይገኝም ነበር።

የእናንተም ካርድ አንድ ቀን አልነሳም ካለ በቅደም ተከተል ጠይቁ። ኮምፒውተሩ ካርዱ መኖሩን ያያል? ካላየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዕቃው ወይም የባዮስ ቅንብሩ ነው። ካየ ድራይቨሩ ተጭኗል? ተጭኖ እምቢ ካለስ፣ ሲነሳ የጻፈው መልእክት ምን ይላል? መልእክቱን ሳያነቡ ካርድ መቀየር ዳውላ መደብደብ ነው።

የመሥሪያ ቤቶቻችንም «ሲስተም» እንዲሁ ነው። «የለም» መልስ አይደለም፤ የምርመራ መጀመሪያ ነው። ነገ ኑ ስንባል ቢያንስ አንድ ጥያቄ ጠይቀን እንመለስ፦ ምን ሆኖ ነው?