የ«ኢፍ» የዘር ሐረግ

ለሲ ፕሮግራሚንግ ጀማሪ ከሚሰጡት የመጀመሪያ መልመጃዎች አንዱ የተማሪ ውጤት ነው። ፕሮግራሙ ቁጥር ይቀበላል፤ ቁጥሩ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «አልፏል»፣ ካልሆነ «ወድቋል» ብሎ ያትማል። ይህ እምብዛም አያስቸግርም። ጉዱ የሚፈላው ቀጥሎ «ድፍን መቶ ያገኘውን ለይታችሁ አመስግኑ» ሲባል ነው። ተማሪው «ኢፍ» ብሎ በቅንፍ ውስጥ «ውጤት = 100» ይጽፋል። ፕሮግራሙ ቅር ሳይለው ይሠራል፤ 37 ያገኘውንም፣ ባዶ ያገኘውንም እኩል «እንኳን ደስ አለህ» ይላል።

በሲ አንድ የእኩል ምልክት አይጠይቅም፤ ያዛል። 100ን ወስዶ «ውጤት» ውስጥ ይከታል፤ ከዜሮ ሌላ የሆነ ቁጥር ሁሉ ደግሞ በሲ ዘንድ «እውነት» ነው። ለመጠየቅ ምልክቱ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት፦ ==። መምህራን ይህን የግድየለሽ ተማሪ ስህተት ያደርጉታል። ፍርዱ ግን ትንሽ ይከብዳል። ይህ ወጥመድ በ1970 ገደማ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው) ኒው ጀርሲ፣ ሙሬይ ሂል ውስጥ ባለው ቤል ላብስ የተዘረጋ ነው። በሁኔታዊ ዐረፍተ ነገር ላይ ጀማሪን የሚጥሉት ሌሎች እንቅፋቶችም እንዲሁ የየራሳቸው ዕድሜና የትውልድ ቦታ አላቸው።

ከዚያ በፊት ግን «ከሆነ» ማለት ጨርሶ የማያውቁ ማሽኖች ነበሩ። ኮንራድ ዙዘ በ1941 በርሊን ላይ ያጠናቀቀው ዜድ 3 ትእዛዙን ከተበሳ ፊልም እያነበበ ያሰላ ነበር። ፊልሙን ጫፍና ጫፉን አያይዞ ስሌቱን ማስደጋገም ይቻላል፤ በውጤቱ ላይ ተመርኩዞ መንገድ መቀየር ግን የለም። በ1944 ሥራ የጀመረው ሃርቫርድ ማርክ 1ም መጀመሪያ ላይ ይህ ይጎድለው ነበር።

«ኢፍ» የሚለው ቃል በሰፊው ወደ ፕሮግራመሮች እጅ የገባው በ1957 አይቢኤም ለ704 ኮምፒውተሩ ባወጣው ፎርትራን ነው። የያኔው ኢፍ ለዛሬ ተማሪ ግር ይላል። በቅንፍ ውስጥ ስሌት ይጻፋል፤ ከቅንፉ ውጭ ሦስት የመስመር ቁጥሮች ይደረደራሉ። ውጤቱ ከዜሮ ካነሰ ወደ አንደኛው፣ ዜሮ ከሆነ ወደ ሁለተኛው፣ ከዜሮ ከበለጠ ወደ ሦስተኛው ይኬዳል። ሁለት ቁጥሮች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ አንዱን ከሌላው መቀነስ ግድ ነበር። ይህ ባለ ሦስት መንገድ ኢፍ ከፎርትራን ደረጃ የተሰረዘው በ2018 ነው።

ከዚህ ያላቀቀን ቼስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆን ማካርቲ በ1957 እና በ1958 በኤምአይቲ የቼስ ሕጋዊ እርምጃዎችን የሚለይ ፕሮግራም በፎርትራን ሲጽፍ በዚህ ኢፍ ተማረረ። ሁኔታውንና ሁለት አማራጮችን ተቀብሎ አንዱን የሚመልስ ፈንክሽን ሠራ። ግን ፎርትራን ከመምረጡ በፊት ሁለቱንም አማራጮች ያሰላቸው ስለነበር ትርፉ ድካም ሆነ። ማካርቲ ከዚህ ተነስቶ፣ የተመረጠውን ብቻ የሚያሰላ ሁኔታዊ አገላለጽ ቀረጸ፤ ለአልጎል ቋንቋ ቀራጮችም አቀረበው። በአልጎል 60 «ኢፍ፣ ዜን፣ ኤልስ» (ከሆነ፣ እንግዲያው፣ ካልሆነ) ቦታቸውን ያዙ።

ኤልስ ሲመጣ ግን አዲስ ጣጣ ይዞ መጣ። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ ውጤቱ ከ50 በላይ ከሆነ፣ በውስጡ ደግሞ ከ90 በላይ ከሆነ «በማዕረግ»፤ ኤልስ «ወድቋል»። ኤልሱን ከላይኛው ኢፍ ሥር አስተካክሎ አስቀምጦታል፤ ለዓይን ምንም እንከን የለውም። ሲ ግን የመስመር አሰላለፍ አያይም፤ ኤልስን የሚያስረው ያለ ኤልስ ከቀረው የቅርብ ኢፍ ጋር ነው። ስለዚህ 70 ያገኘው «ወድቋል» ይባላል፤ 30 ላገኘው ምንም አይታተምም። በአልጎል ዘመን ብዙ ያከራከረው ይህ ጉዳይ በጥምዝ ቅንፍ ይፈታል፤ ቅንፉን ማድረግ አለማድረግ ግን ለጸሐፊው የተተወ ነው።

ማርቲን ሪቻርድስ በ1960ዎቹ የቀረጸው ቢሲፒኤል ከችግሩ በብልሃት አምልጦ ነበር። በእርሱ ቋንቋ ኢፍ ኤልስ የለውም፤ ሁለት አማራጭ ሲኖር «ቴስት» የሚባል ሌላ ቃል ይገባል። ኬን ቶምፕሰን ግን ቢሲፒኤልን አሳንሶ፣ 8 ሺህ ባለ 18 ቢት ቃላት ብቻ በምትይዝ ፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ላይ «ቢ»ን ሲሠራ፣ ይህን መለያየት ተወው። የቢሲፒኤልን := ትቶም ለማስቀመጥ =፣ ለማነጻጸር == መረጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፕሮግራመር ከማነጻጸር ይልቅ ማስቀመጥ ስለሚያበዛ አጭሩ ምልክት ብዙ ለሚጻፈው ይገባል። በዚያች ጠባብ ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ምክንያታዊ ነበር፤ የጀማሪ ክፍል ግን ሂሳቡን እስከ ዛሬ ይከፍላል።

ዴኒስ ሪቺ ቢን ወደ ሲ ሲያሳድግ ሌላ ውርስ ተጨመረ። በቢ አንዱ & በኢፍ ውስጥ ሲሆን «እና» ማለት ነበር፤ ሌላ ቦታ ቢቶችን ያጣምራል። በአለን ስናይደር ሐሳብ አቅራቢነት ሪቺ ለ«እና» && የሚለውን ለየ፤ የ&ን ቅደም ተከተል ግን ከ== በታች እንደነበረ ተወው። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ያኔ የተጻፈው ኮድ ጥቂት መቶ ኪሎባይት፣ ሲስተሙ ያለበት ቦታም ምናልባት ሦስት ነበር፤ ያንን ላለማናጋት ነው። ስለዚህ ዛሬ «ቁጥር & 1 == 0» ብሎ ሙሉ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን ጥንድ ሊፈትሽ የተነሳ ተማሪ ሁሉም ቁጥር ጎዶሎ ሆኖ ያገኘዋል። መጀመሪያ የሚሰላው 1 == 0 ነውና።

በ1978 ብራያን ከርኒሃንና ሪቺ ባወጡት የሲ መማሪያ ውስጥ ካሉት ምሳሌዎች አንዱ ተጨማሪ ቀን ያለውን ዓመት መለየት ነው። ለ4 የሚካፈል ሆኖ ለ100 የማይካፈል፣ ወይም ለ400 የሚካፈል፤ 1900 አይደለም፣ 2000 ግን ነው። ምሳሌው በየማስተማሪያው ተባዝቷል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ሥራው ያጥራል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። የሚከብድ መልመጃ የፈለገ ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የበዓላት ስሌት፣ ይዝለቅ። ወንበር የሚባለው የዓመቱ ቁጥር በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፤ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የ2016 ዓ.ም. ወንበር 10 ነው፤ 190 ለ30 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ ስለዚህ ጥቅምት 10። ወንበር ዜሮ ሲሆን ግን መጥቅዕ 30 ይባላል። ይህን ለብቻው ያልጠየቀ ፕሮግራም በዓሉን ጥቅምት ዜሮ ላይ ያውለዋል።

የጀማሪ የሚባለው ስህተት በየጊዜው የአንጋፋዎችን ደጅ አንኳኩቷል። ጥር 15 ቀን 1990 የኤቲኤንድቲ የረጅም ርቀት ስልክ መረብ 114 ማዞሪያዎች እርስ በርስ እየተጣጣሉ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ታወኩ። መነሻው በሲ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ፣ ከብዙ አማራጮች አንዱን በሚመርጥ «ስዊች» ውስጥ ባለ ኢፍ የተቀመጠ አንድ «ብሬክ» ነበር። ብሬክ ከኢፍ አያስወጣም፤ ከስዊቹ ጠቅላላ ነው የሚያስወጣው። በኅዳር 2003 ደግሞ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በአንድ የሊኑክስ ኮድ ቅጂ ውስጥ ሁለት መስመር ሸጎጠ። የተጠቃሚው ቁጥር ዜሮ መሆኑን የሚጠይቅ ይመስላል፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው፣ =። ዜሮ የአስተዳዳሪው ቁጥር ስለሆነ መስመሩ ጠያቂውን አስተዳዳሪ ያደርገዋል፤ የተቀመጠው ዜሮም «ሐሰት» ስለሚሆን ኢፉ ዝም ብሎ ያልፋል። የተጋለጠው ቅጂው ከዋናው ጋር ሲመሳከር ነው። እዚህ ላይ ስህተቱ የተማሪ ሳይሆን የአዋቂ ተንኮል ነበር።

የካቲት 21 ቀን 2014 አፕል ለአይፎን አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። ጥምዝ ቅንፍ በሌለው ኢፍ ሥር «ጎቱ ፌይል» የሚል መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያው በኢፉ ሥር ነው፤ ሁለተኛው፣ ገባ ብሎ ቢሰለፍም፣ ከኢፉ ውጭ በመሆኑ ሁልጊዜ ይፈጸማል፤ የድረ ገጽ ፊርማ ማረጋገጫውም ሳይሠራ ይታለፋል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በ2016 በወጣው 6ኛ እትሙ አሳሳች የመስመር አሰላለፍን የሚያስጠነቅቅ ምርጫ ጨመረ። አፕል ራሱ በሰኔ 2014 ይፋ ባደረገው ስዊፍት ቋንቋ ኢፍ ያለ ጥምዝ ቅንፍ አይጻፍም፤ በኢፍ ውስጥ «ውጤት = 100» ያለም ፕሮግራሙ ገና ከመነሳቱ በፊት ይመለስበታል።