የዘገምተኛው ክሪስታል ፈጣን ብርሃን፦ ቢስሙት ጀርማኔት በፔት ምርመራ

የፔት ስካን መሣሪያ ስለ ታካሚው የሚያውቀው ሁሉ የሚጀምረው ከአንዲት ብልጭታ ነው። ለታካሚው የሚወጋው ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ፍሎሪን 18 የተባለውን ጨረራ አመንጪ አቶም ተሸክሟል። አቶሙ ሲፈርስ ፖዚትሮን ይወጣዋል፤ ፖዚትሮኑም በአቅራቢያው ካለ ኤሌክትሮን ጋር ይገናኝና ሁለቱም ይጠፋሉ። በምትካቸው እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ሁለት ጋማ ፎቶኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈናጠራሉ። በታካሚው ዙሪያ የተደረደሩት ክሪስታሎች ፎቶኖቹን ይዘው ወደሚታይ ብርሃን ይለውጧቸዋል። ሁለት ክሪስታሎች በአንድ ቅጽበት ብልጭ ካሉ፣ የጨረራው ምንጭ ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ እንደሚገኝ ይታወቃል።

በመስመሩ ላይ የት እንደሆነ ግን የሚነግረን ጊዜ ነው። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ምንጩ ከመሃል ሲርቅ የአንዱ ፎቶን መንገድ የሚያጥረውን ያህል የሌላው ስለሚረዝም፣ የመድረሻ ልዩነቱ የሚያመለክተው ርቀት በግማሽ ይወሰዳል። ስለዚህ የሁለቱን ፎቶኖች የመድረሻ ልዩነት በ200 ፒኮ ሰከንድ ጥራት የሚለይ መሣሪያ ምንጩን በ3 ሴንቲሜትር ስፋት ውስጥ ይወስነዋል። ይህ ብቻውን ትንሽ ዕጢን ነጥሎ ለማየት አይበቃም። ሆኖም 40 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ሰውነት ውስጥ ምልክቱ በሙሉ መስመሩ ላይ ከሚበተን በ3 ሴንቲሜትር ውስጥ ሲሰበሰብ የምስሉ ሁከት በእጅጉ ይቀንሳል። ጥቅሙ ከታካሚው የሰውነት ውፍረት ጋር ስለሚያድግ፣ ቀድሞ ምስላቸው ደብዛዛ ይሆን የነበሩት ወፍራም ታካሚዎች ይበልጥ ተጠቃሚ ናቸው። የፔት ዲቴክተር ምርምር ላለፉት ሃያ ዓመታት በፒኮ ሰከንድ ሩጫ የተጠመደው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሩጫ ተሸንፏል ተብሎ የተተወ አንድ ክሪስታል አለ፤ ቢስሙት ጀርማኔት፣ በአጭር ስሙ ቢ.ጂ.ኦ.። የእኔ አቋም፣ ፍርዱ የተሰጠው ክሪስታሉ ከሚያወጣቸው ሁለት ብርሃኖች አንዱ ብቻ ታይቶ ነው የሚል ነው።

የቀድሞዎቹ የፖዚትሮን ካሜራዎች ሶዲየም አዮዳይድ ይጠቀሙ ነበር። ብርሃኑ የበዛ ቢሆንም ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.67 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ የ511 ፎቶኖች ሳይነኩት ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዛንግ ሂ ቾ እና ፋሩኪ ቢ.ጂ.ኦ.ን ለፖዚትሮን ካሜራ አቀረቡት። ጥግግቱ 7.13 ነው፤ የአቶም ቁጥሩ 83 የሆነው ቢስሙትም የጋማ ፎቶንን ሙሉ ጉልበት በአንድ ቦታ የመዋጥ ትልቅ አቅም ይሰጠዋል። በ1986 ማይክል ኬሲ እና ሮናልድ ነት አንድን የክሪስታል ብሎክ በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍለው በአራት ፎቶመልቲፕላየሮች (ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚለውጡ ዳሳሾች) ብቻ የሚያነቡበትን ዘዴ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሆስፒታል ፔት ማለት በአመዛኙ የቢ.ጂ.ኦ. ፔት ነበር።

ድክመቱ ዘገምተኛነቱ ነው። አንድ 511 ፎቶን ሲውጥ 4,000 ያህል የብርሃን ፎቶኖችን ይሰጣል፤ ነገር ግን በ300 ናኖ ሰከንድ የመክሰሚያ ጊዜ እያንጠባጠበ ነው። ይህም ማለት በብልጭታው መጀመሪያ ላይ በሁለት ተከታታይ ፎቶኖች መካከል በአማካይ 75 ፒኮ ሰከንድ ያልፋል። ከእነዚያም ዳሳሹ የሚይዘው ጥቂቱን ነው። ቻርልስ ሜልቸር ያገኙት ሉቴቲየም ኦርቶሲሊኬት፣ ማለትም ኤል.ኤስ.ኦ.፣ በ1992 በምርምር መጽሔት ላይ ሲቀርብ ነገሩ ተለወጠ። የኤል.ኤስ.ኦ. የመክሰሚያ ጊዜ 40 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው፤ ብርሃኑም የቢ.ጂ.ኦ.ን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። በ2006 ፊሊፕስ ከዚሁ ቤተሰብ በሆነ ክሪስታል የሠራውን የበረራ ጊዜ መለኪያ ፔት፣ ማለትም የሁለቱን ፎቶኖች የመድረሻ ልዩነት የሚለካውን፣ ለገበያ አቀረበ። ጥራቱ 600 ፒኮ ሰከንድ አካባቢ ነበር። በ2018 የወጣው የሲመንስ መሣሪያ 214 ላይ ደረሰ። ቢ.ጂ.ኦ. የማይደርስበት ሩጫ መሰለ።

ሁለተኛው ብርሃን ቼሬንኮቭ ነው። ኤሌክትሪክ ሙላት ያለው ቅንጣት በአንድ ቁስ ውስጥ፣ ብርሃን በዚያው ቁስ ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት በላይ ሲሮጥ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል። ሶቪየታዊው ፓቬል ቼሬንኮቭ ይህን በ1934 አሳውቀው፣ በ1958 ከኢሊያ ፍራንክ እና ከኢጎር ታም ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በቢ.ጂ.ኦ. ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በባዶ ቦታ ካለው ፍጥነቱ 47 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የ511 ፎቶን ከቢስሙት አቶም የሚያስፈነጥረው ኤሌክትሮን ግን 420 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ይዞ ይነሳል፤ ይህም ከብርሃን የባዶ ቦታ ፍጥነት 84 በመቶ ገደማ ነው። ቅድመ ሁኔታው በሰፊው ተሟልቷል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚወጡት የቼሬንኮቭ ፎቶኖች በአማካይ 17 ያህል ናቸው። ከ4,000ው ጎን ሲታዩ ከቁጥር አይገቡም፤ የሚወጡት ግን ኤሌክትሮኑ በሚሮጥባቸው ጥቂት ፒኮ ሰከንዶች ውስጥ፣ ዘገምተኛው ብልጭታ በቅጡ ሳይጀምር ነው።

ታዲያ እነዚህ ፎቶኖች ለአሥርተ ዓመታት ለምን አልተያዙም? ክሪስታሉ ሁልጊዜም ያወጣቸው ነበር፤ የጎደለው ዳሳሽ ነው። የቼሬንኮቭ ብርሃን ወደ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ያደላል፤ አንዲት ፎቶን ለብቻዋ ስትደርስ ጊዜዋን የሚመዘግብ ዳሳሽ ደግሞ ለሆስፒታል በሚበቃ ዋጋና መጠን አልነበረም። ለአልትራቫዮሌት ቅርብ ለሆነ ብርሃን የተስተካከሉ ሲሊከን ፎቶመልቲፕላየሮች ሲመጡ በሩ ተከፈተ። በ2016 በሱን ኢል ክዎን እና በሲሞን ቼሪ፣ በ2017 ደግሞ በብሩነር እና በዴኒስ ስካርት የታተሙት ጥናቶች፣ ቢ.ጂ.ኦ. በእነዚህ ዳሳሾች ሲነበብ ለበረራ ጊዜ መለኪያ እንደሚበቃ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ 3 ሚሊሜትር ርዝመት ባላቸው ናሙናዎች ከ200 ፒኮ ሰከንድ በታች የሆኑ ልኬቶች ታትመዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥንቃቄ ያድርግ። 3 ሚሊሜትር የሆነ ክሪስታል አብዛኞቹን ጋማ ፎቶኖች አያስቀርም፤ በሆስፒታል መሣሪያ ውስጥ የሚገባው 20 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቱ ሲጨምር የጊዜ ጥራቱ ይወርዳል። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ችግር ነው። ከ17ቱ ፎቶኖች ዳሳሹ ጋ የሚደርሱት ጥቂት በመሆናቸው ቁጥራቸው ከክስተት ክስተት ይዋዥቃል። አንዳንዴ ብዙ ይያዛሉ፤ አንዳንዴ አንድም አይያዝም፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ ወደ ዘገምተኛው ብልጭታ ይመለሳል። ስለዚህ የልኬቶቹ ሥርጭት ሹል ጫፍና ረጅም ጭራ ይኖረዋል። እንዲህ ያለውን ሥርጭት በአንድ የፒኮ ሰከንድ ቁጥር መግለጽ ጭራውን ይሸሽጋል። ተስፋ የምጥልበት መንገድ የእያንዳንዱን ምልክት የመነሻ ፍጥነት ለክቶ ክስተቶቹን በየጥራታቸው መመደብ፣ ምስሉ ሲሠራም ለእያንዳንዱ ምድብ የሚገባውን ክብደት መስጠት ነው።

ፍጥነት ብቻውን ምን ያህል እንደሚወስድ በ2021 ታይቷል። የቼሪ ቡድን ከጃፓን ባልደረቦቹ ጋር፣ የቼሬንኮቭ ብርሃን አመንጪውን ከፎቶመልቲፕላየሩ ጋር አዋሕዶ 32 ፒኮ ሰከንድ፣ ማለትም 4.8 ሚሊሜትር አስመዝግቧል። በዚህ ጥራት የኮምፒውተር መልሶ ግንባታ ሳያስፈልግ ምስል ማውጣት ተችሏል። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ዲቴክተር ከሚመጡት ጋማ ፎቶኖች የሚይዘው ጥቂቱን ስለሆነ፣ ታካሚ ላይ ለመድረስ ብዙ ይቀረዋል። ያልተያዘ ፎቶን የጨረራ መጠንን ይጨምራል፣ ወይም በጠረጴዛው ላይ የሚተኛበትን ጊዜ ያራዝማል፤ ሁለቱንም የሚከፍለው ታካሚው ነው።

በዚህ ሚዛን ቢ.ጂ.ኦ. ጠንካራ ነው፤ በዋጋም ይመረጣል። ኤል.ኤስ.ኦ. የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በመሆኑ የሚያድገው እጅግ ውድ በሆነ የኢሪዲየም ማቅለጫ ውስጥ ነው፤ ሉቴቲየሙ ራሱም ብርቅ ነው። በዚያ ላይ 2.6 በመቶ የሚሆነው የተፈጥሮ ሉቴቲየም ራሱ ጨረራ አመንጪ ስለሆነ፣ ክሪስታሉ ያለ ታካሚም ይቆጥራል። ቢ.ጂ.ኦ. 1,050 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ጨረራም የለበትም። በ2022 ጂኢ ሄልዝኬር ይህንኑ ክሪስታል በሲሊከን ዳሳሽ የሚያነብ፣ የበረራ ጊዜን ግን የማይለካ አዲስ ፔት ማውጣቱ፣ በመያዝ አቅሙ የሚተማመኑ አሁንም እንዳሉ ያሳያል።

መሣሪያ ለመግዛት የሚወስኑ ሐኪሞችና ኃላፊዎች ከሻጩ የፒኮ ሰከንድ ቁጥር ጋር የመያዝ አቅሙን፣ የክሪስታሉን ርዝመትና የሥርጭቱን ጭራ እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ። ለፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ። ይህ ምርምር ትልቅ የቅንጣት ማፋጠኛ ማሽን አይጠይቅም። ሁለት ትናንሽ ክሪስታሎች፣ ሁለት ሲሊከን ዳሳሾች፣ ፈጣን ማጉያና ኦሲሎስኮፕ፣ እንዲሁም የሶዲየም 22 ምንጭ ካለ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይጀመራል። ሶዲየም 22 ያንኑ የ511 ጥንድ ይሰጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 2.6 ዓመት ስለሆነም አንድ የማስተርስ ጥናት እስኪያልቅ አይከዳም።