ከማርትሬዛ ብር እስከ ካርድ



ወደ ሐጅ የሚሄድ ዘመድ ስትሸኙ «ገንዘብህን በምን ያዝከው?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። አያቶቻችንም ይህንኑ ይጠይቁ ነበር። መልሱ ግን እንደየዘመኑ ተለዋውጧል።

ጥንት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ መካ የሚጓዘው የሀገራችን ሰው ማርትሬዛ ብር ይይዝ ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲቀረጽ ኖሯል። በኢትዮጵያም፣ በየመንም፣ በሒጃዝም ይሠራበት ነበር። መመንዘር ቢያስፈልግ እንኳ ባለገንዘቡ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን በዓይኑ እያየ ነው።

ፉቀሃዎች ገንዘብን በገንዘብ መለወጥን «ሰርፍ» ይሉታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወርቅ በብር ሲለወጥ መጠኑ እንደ ስምምነቱ ሊሆን እንደሚችል፣ ርክክቡ ግን እጅ በእጅ መሆን እንዳለበት አስተምረዋል።

ይሁንና ብር ሸክም ነው። አንዱ የሳዑዲ የብር ሪያል ከ11 ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ 1,000 ሪያል የያዘ ሐጃጅ ከ11 ኪሎ በላይ ይሸከም ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የሳዑዲ ዓረቢያ የገንዘብ ኤጀንሲ በ1953 «የሐጃጆች ደረሰኝ» የተባለ ባለ 10 ሪያል ወረቀት አወጣ። ደረሰኙን ያቀረበ ሰው የብር ሪያሉን ይረከባል። ነጋዴዎች ግን ብሩን ከመጠየቅ ይልቅ በወረቀቱ መልሰው ይገበያዩበት ጀመር። ለሐጃጅ ታስቦ የወጣው ደረሰኝ የአገሬው መገበያያ ሆነ። መደበኛው የወረቀት ሪያል በ1961 ወጣ፤ ደረሰኞቹም በ1964 ከገበያ ተሰበሰቡ።

ዛሬ ደግሞ ወረቀቱም ቀርቶ ካርድ መጥቷል። ሸክሙ ቀልሏል፤ ምንዛሪው ግን ከዓይናችን ተሰውሯል። እስቲ አብረን እናስላ። ሪያል ከ1986 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ ተተምኗል። አሜሪካ የሚኖር ወንድማችሁ መካ ውስጥ በዶላር ካርዱ የ375 ሪያል ዕቃ ቢገዛ ሒሳቡ 100 ዶላር ነው። ባንኩ ለውጭ አገር ግዢ 3 በመቶ የሚያስከፍል ከሆነ ግን 103 ዶላር ይሆናል። የሱቁ መሣሪያ «በዶላር ልክፈልልህ ወይስ በሪያል?» ብሎ ቢጠይቀውና «በዶላር» ቢል ደግሞ ተመኑን የሚወስነው የሱቁ ወገን ነው፤ በአብዛኛውም ትርፍ ይጨምርበታል። በሪያል መክፈል ይሻለዋል።

ሌላም አለ። ብዙውን ጊዜ ካርዱ የሚታሰበው በተገዛበት ቀን ሳይሆን ሒሳቡ በሚወራረድበት ቀን ተመን ነው። ተመኑ ለተረጋጋ ገንዘብ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለእኛ ብር ግን እንደዚያ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ብር በዶላር አንጻር ብዙ ወርዷል። የተመለሰ ዕቃም በሚመለስበት ቀን ተመን ስለሚታሰብ የከፈላችሁት ሳይጎድል ላይመለስ ይችላል።

የወለዱ ጉዳይም አይረሳ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ2000 ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ በውሉ ላይ ወለድ የተጻፈበትን የብድር ካርድ መጠቀም፣ ባለቤቱ በጊዜው ሊከፍል ቢያስብ እንኳ፣ እንደማይፈቀድ ወስኗል።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ! አያቶቻችን ብሩን ሳይቆጥሩ ከመንዛሪ ፊት አይነሱም ነበር። እኛም ከጉዟችን በፊት ባንካችንን እንጠይቅ፦ ተመኑ የየትኛው ቀን ነው? በላዩ ስንት በመቶ ይጨመራል? ውሉ ወለድ አለበት ወይ? ሐጃጁ የዓመታት ቁጠባውን ይዞ ነው የሚወጣውና፣ ይህን መጠየቅ አማናን መጠበቅ እንጂ ንፉግነት አይደለም።

አላህ ገንዘባችንን ሐላል፣ ሐጃችንን መቅቡል ያድርግልን። አሚን።