ፒክአፕ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮና የአሜሪካ ገበሬ

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ከተነሱት አጀንዳዎች አንዱ ያረጀችው የዩኒየናችን ፒክአፕ በአዲስ ትተካ የሚለው እንደነበር ተሰብሳቢዎች ታስታውሳላችሁ። የግዥ ኮሚቴው ካቀረባቸው ሦስት ዋጋ ማቅረቢያዎች ሁለቱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች ነበሩ። በዚህን ጊዜ አንድ አዛውንት ተወካይ ተነስተው፣ «ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ጭቃ ሲይዘው በምን ይወጣል? ሲበላሽስ ማን ይከፍተዋል?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። ለዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ቀድሞ ትዝ ያለኝ እርሳቸው ናቸው። ምክንያቱም የጠየቁት ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ገበሬዎች ከሰባ ዓመት በላይ ሲጠይቁት ኖረዋል፣ ፍርድ ቤት ድረስም ወስደውታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ፒክአፕን የፈጠረው ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ገበሬውም ጭምር ነው። ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በ1908 ገበያ ላይ ካዋለ በኋላ ገበሬዎች የኋላውን ወንበር እየነቀሉ በቦታው የእንጨት ሳጥን ይመቱበት ጀመር። ወተት፣ እህልና በግ ይጫንበታል። ይህን ያየው ፋብሪካ በ1925 ከኋላዋ የጭነት ሳጥን ያላትን ሞዴል ቲ ራሱ ሠርቶ በ281 ዶላር ሸጠ። በአውስትራሊያም ተመሳሳይ ታሪክ ይነገራል። አንዲት የገበሬ ሚስት ለፎርድ ጽፋ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ፣ ሰኞ ደግሞ አሳማ ወደ ገበያ የሚጭን መኪና እንዲሠራላቸው ጠየቀች፤ በ1934 ሉዊስ ባንት የተባለው ንድፍ አውጪ ሠራላቸው ይባላል። እንግዲህ መኪናው ከመነሻው የተሠራው ሥራውን በሚያውቀው ሰው ጥያቄ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ።

ካምቢዮው ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ኃይልን በብረት ማርሽ ሳይሆን በፈሳሽ የማስተላለፍን ሐሳብ በ1905 በባለቤትነት ያስመዘገበው ኸርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያሰበውም ለመርከብ ነበር። ጀነራል ሞተርስ ይህን ሐሳብ ከማርሾች ጋር አጣምሮ ሃይድራማቲክ የተባለውን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1939 መጨረሻ ኦልድስሞቢል በተባለው መኪና ላይ አወጣ። ተጨማሪ ዋጋው 57 ዶላር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ካምቢዮ በቀላል ታንኮች ላይ ተገጥሞ ተፈተነ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1953 እና በ1954፣ ፎርድና ሼቭሮሌት ለፒክአፖቻቸው አውቶማቲክ ምርጫ ማቅረብ ጀመሩ።

ገበሬው ወዲያው አልተቀበለውም። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። ማኑዋል ካምቢዮ ያለው ፒክአፕ ፍሪሲዮኑ ሲበላ ባለቤቱ ራሱ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ በጎተራው ውስጥ ካምቢዮውን አውርዶ መቀየር ይችላል። አውቶማቲኩ ግን በውስጡ የዘይት መተላለፊያ ጉድጓዶች እንደ ጉንዳን ቤት የተጠላለፉበት ሳጥን ነው። ዘይቱ በግፊት እየሄደ የትኛው ማርሽ እንደሚያዝ ይወስናል። አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ፣ አንዲት ያረጀች ጎሚኒ ብትኖር መኪናው ማርሽ ማንሳት ያቆማል። ይህን ለመክፈት ልዩ መሣሪያ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር አውቶማቲኩ ሲመጣ ዕውቀቱ ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ ወደ ሻጩ ጋራዥ ገባ።

እውነቱን ለመናገር በመካከሉ ጥሩ ዘመን ነበር። ክራይስለር በ1956፣ ጀነራል ሞተርስ በ1964፣ ፎርድ በ1966 ያወጧቸው ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲኮች ከባድ፣ ቀላል አሠራር ያላቸውና ጠንካራ ነበሩ። ዛሬም ድረስ ስማቸውን በመልካም የሚያነሱ አሮጌ መካኒኮች ሞልተዋል። ነገሩ የተበላሸው ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ክብደት ይቀነስ ተባለ፤ ካምቢዮውም ቀጠነ። ጀነራል ሞተርስ በ1976 ያወጣው አንድ ቀላል ካምቢዮ፣ ይበልጥ በቤት መኪኖች ላይ የተገጠመው፣ ቅሬታ በዛበትና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1980 ኩባንያውን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1983 በስምምነት ሲያልቅ ባለቤቶች ቅሬታቸውን በገለልተኛ ሽማግሌዎች ፊት የሚያቀርቡበት የዳኝነት ሥርዓት በመላ አገሪቱ ተዘረጋ። ሽምግልና ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለእነርሱ ግን ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ ጋር በዚህ መልክ መቀመጥ ቀላል ድል አልነበረም።

በዚያው ዘመን ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው የ1975ቱ የፌዴራል የዋስትና ሕግ ሲሆን፣ ሻጭ የጽሑፍ ዋስትና ከሰጠ ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን በግልጽ ቋንቋ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ሁለተኛው በ1982 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተዛመተው «የሎሚ ሕግ» ነው። በእኛ አገር ሎሚ በጥምቀት የፍቅር መልእክት ነው፤ አሜሪካኖች ግን ከፋብሪካ ጀምሮ የማይረባ መኪናን ሎሚ ይሉታል። በኮኔቲከቱ ሕግ መሠረት ያው ብልሽት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተጠገነ፣ ወይም መኪናው በዋስትናው መጀመሪያ ጊዜ ውስጥ በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ከቆመ፣ አምራቹ መኪናውን እንዲተካ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ ይገደዳል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነውና። ሕጉ የሚቆጥረው የተጻፈውን ብቻ ነው። ባለመኪናው ጋራዥ ሄዶ «ይንቀጠቀጣል» ብሎ ከተናገረና ሠራተኛው አሽከርክሮት «ምንም የለበትም» ብሎ ያለ ወረቀት ከመለሰው፣ ያ ቀን በሕግ ፊት አልነበረም። ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ በተንኮል አይደለም። የሽያጭ ወኪሉ ከአምራቹ የተለየ ነጋዴ ነው። አምራቹ ለዋስትና ጥገና የሚከፍለው ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ በተቆረጠ ሰዓት መጠን ነው። ካምቢዮ አንዳንዴ ብቻ፣ ሲሞቅ ብቻ፣ ሲጭን ብቻ የሚያሳየውን ጠባይ ለማግኘት ግማሽ ቀን መንዳት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለዚያ ግማሽ ቀን ግን የሚከፈለው ትንሽ ነው ወይም የለም። መካኒኩ ቤተሰብ አለው። ስለዚህ «ጠባዩ ነው» የሚለው መልስ ከሁሉም ይረክሳል። የነቃው ገበሬ በበኩሉ ሦስት ነገር ተማረ፤ በገባ ቁጥር የጥገና ወረቀት መቀበል፣ ወረቀቱ ላይ የራሱ ቅሬታ በራሱ ቃል መጻፉን ማረጋገጥ፣ መኪናውም የገባበትና የወጣበት ቀንና ኪሎ ሜትር እንዲመዘገብ ማድረግ።

ለገበሬ ደግሞ 30 ቀን ማለት የከተማ ሰው 30 ቀን አይደለም። በመኸር ወቅት ከሆነ አዝመራው ነው።

በ1989 ዶጅ በፒክአፑ ላይ የካሚንስ ናፍጣ ሞተር ሲገጥም ገበሬው ደስ አለው። ሞተሩ የሚያረጅ አልሆነም። ከኋላው የነበረው አውቶማቲክ ግን ያንን ጉልበት ለመሸከም ሲቸገር ቆየ። የካምቢዮ ጠላት ሙቀት ነው። ከባድ ተሳቢ ጎትቶ ዳገት የሚወጣ መኪና ዘይቱ ይሞቃል፣ የሞቀ ዘይት ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ዘይት ውስጠኛውን ፍሪሲዮን ይበላል። ጀነራል ሞተርስ በ2001 ሞዴል ከባድ ፒክአፖቹ ላይ ከከባድ መኪና ዓለም የመጣውን አሊሰን ካምቢዮ ሲገጥም ትምህርቱን እንደወሰደ ያሳያል። በአንጻሩ ማኑዋሉ እየጠፋ ሄደ። በአሜሪካ ገበያ በትልልቅ ፒክአፖች ላይ የመጨረሻው ማኑዋል ካምቢዮ በ2018 ሞዴል ራም ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ትልቅ ፒክአፕ የሚገዛ ገበሬ «ፍሪሲዮን ያለው ስጡኝ» ቢል የሚሰጠው የለም። ምርጫው በጉባኤ ተጠይቆ አይደለም የተነሳው።

የቅርቡን ታሪክ ባጭሩ ላንሳ። ጀነራል ሞተርስ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ በፒክአፖቹ ላይ የገጠመው ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ መኪና ይንቀጠቀጣል የሚል ቅሬታ በዛበት። ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ የሚገርም ነው፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስብ ነበር። ውኃ የገባው ዘይት በውስጠኛው ፍሪሲዮን ላይ እኩል አይዝም፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ወደ 2019 መግቢያ ላይ እርጥበት የማይስብ ሌላ ዘይት መጣና አሮጌው በእርሱ እየታጠበ ይቀየር ጀመር። እስከዚያ ድረስ ግን ቅሬታ አቅራቢዎች እንደሚሉት ብዙዎች ጋራዥ እየተመላለሱ «የተለመደ ነው» ተብለዋል። በታኅሣሥ 2018 ክስ ተመሠረተ። በ2023 ሚቺጋን የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የ26 ክፍለ ግዛቶች ገዢዎች፣ ወደ 800,000 መኪና የሚሆን፣ በቡድን እንዲከሱ ፈቀደ። በሰኔ 2025 የይግባኙ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ተሰይመው ያንን ፈቃድ ሻሩት። የእያንዳንዱ ገዢ ሁኔታ፣ የክፍለ ግዛቱም ሕግ ይለያያል፤ በዚህ መልክ በአንድ ጥላ ሥር ሊሰበሰቡ አይችሉም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እገምታለሁ። ክርክሩ ስለ ዘይት ጀመረ፤ መጨረሻው ሰዎች አንድ ላይ መቆም ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ሆነ።

ገበሬዎቹ ግን በሌላ በር ገብተዋል። የትራክተርና የኮምባይነር ጥገና በሻጩ ኮምፒዩተር ብቻ እንዳይያዝ የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በ2023 ሕግ አወጣች፤ ገበሬው ወይም የመረጠው መካኒክ የጥገና መጽሐፉን፣ መለዋወጫውንና ሶፍትዌሩን የማግኘት መብት ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ተረጋገጠለት።

ወደ እኛ እንመለስ። በአገራችን ገጠር የሚታየው ፒክአፕ አብዛኛው ማኑዋል ሆኖ ኖሯል፤ መካኒኮቻችንም የለመዱት ያንን ነው። አውቶማቲኩ ግን እየመጣ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ካልሆነ ኋላ ማን ያስረዳል?

የአዛውንቱን ጥያቄ በተመለከተ፣ ጭቃ ላይ አውቶማቲኩ እንዲያውም ከማኑዋሉ አይከፋም። ኃይሉን በዘይት ስለሚያስተላልፍ ጎማውን በዝግታ ይገፋል፣ የሚቃጠል የእግር ፍሪሲዮንም የለውም። ጎማው ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ግን ዘይቱ ይፈላል፤ ያኔ ማቆምና ማቀዝቀዝ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ፣ «ማን ይከፍተዋል?» ያሉትን፣ ለግዥ ኮሚቴው አስተላልፌአለሁ። ኮሚቴው በውሉ ረቂቅ ላይ ሦስት መስመር ጨምሯል፤ ዋስትናው ካምቢዮውን በስም እንዲጠቅስ፣ መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥር ቅሬታው የተጻፈበት ወረቀት እንዲሰጥ፣ የካምቢዮ ዘይቱ ዓይነትና የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር በአማርኛ ተጽፎ እንዲያያዝ። ሻጮቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተቀብለዋል። ሦስተኛውን አንዱ ብቻ ተቀብሎ፣ ሌላው «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም» የሚል መልስ ሰጥቷል። ሹፌራችን ይህን ሲሰማ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ፈለገ። መኪናው ዘንግ የለውም።